የአፍ ከበሮ ያስተማሩን አቶ ሰዒድ

አቶ ሰዒድ መሐመድኑር በሞት ተለዩን። ዜናው የደረሰን ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሁላችንም በየሥራችን ላይ ሳለን ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሐዋ በስልክ «ፍቅርተ ልጄ፣ ጋሼሽ ሄደብኝ» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲያ የሰማሁት ልቅሶ ብቻ ነበር። ስልኩን እንደያዝኩ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።  ፊቴን ያየ ሁሉ ገባው፤ ከሒሳብ ክፍል፣ ከንብረት ክፍል፣ ከጋራዡም ሳይቀር ሰው እየወጣ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ፣ የዐስር ሶላት እንደተሰገደ ቀበርናቸው። ጀናዛቸውን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እየተቀባበለ ተሸከመ፤ ትከሻውን ለመስጠት ያልተጋፋ የመሥሪያ ቤታችን ሰው አልነበረም።

ይህንን የምጽፈው ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው፤ ወደ ደባርቅና ወደ ባሕር ዳር ተዛውራችሁ ለቀብራቸው ላልደረሳችሁ፣ ጡረታ ወጥታችሁ መርዶውን ከሰው አፍ ለሰማችሁ፣ በአዳራሻችን ውስጥ ከእርሳቸው ጋር ክብ ሠርታችሁ ለቆማችሁ። እኔ በሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ከእርሳቸው ሥር ለዓመታት ሠርቻለሁ። ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሌላ ሰው እስኪጽፍ ለመጠበቅ ግን አንጀቴ አልቻለም።

አቶ ሰዒድ በጎንደሩ አራዳ ተወልደው እዚያው ያደጉ ሰው ነበሩ። ቤተሰባቸው ከጥንት ጀምሮ በጨርቅ ንግድ የታወቀ ነው። ወንድሞቻቸው ሁሉ ሱቅ ገቡ፤ ቢሮ የመረጡት እርሳቸው ብቻ ናቸው። ረጅም፣ ቀጠን ያሉ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነበሩ። ሲጠየቁ ወዲያው አይመልሱም። ትንሽ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ረጋ ብለው ይናገራሉ። አዲስ የሚቀጠር ሰው ይህንን እንደ ኩራት ይቆጥርባቸው ነበር። እኔም ለብዙ ጊዜ ጭምትነት ነው ብዬ አምን ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ለሰሜን ጎንደር ወረዳዎች የገጠር ውኃ ያወጣል። አንድ ክረምት ቀያሻችን ወይንሸት ከአዲ አርቃይ ሥራዋን ጨርሳ ከሾፌራችን ከአያ ሙላው ጋር ስትመለስ፣ ሊማሊሞ ዳገት ላይ ዝናብ ያላላው ቋጥኝ ተንከባሎ መጣ። አያ ሙላው መሪውን ጠመዘዙ። ቋጥኙ ግን ወይንሸት ያለችበትን በር መታው። እርሷ እዚያው አረፈች፤ እርሳቸው ክንዳቸው ተሰብሮ ተረፉ።

የትራፊክ ፖሊስ ሾፌሩ ጥፋት የለባቸውም አለ። የእኛ ሰው ግን የራሱን ፍርድ ፈረደ። በፊታቸው የተናገረ የለም። ሻይ ክበብ ሲገቡ ወሬ ይቋረጣል፤ የተቀመጡበት ጠረጴዛ ባዶ ይሆናል። ከሁሉ የከፋው የገንዘብ ያዣችን የወይዘሮ ትርንጎ ነበር። ወይንሸት የእርሳቸው ግቢ ተከራይታ፣ ከእርሳቸው ገበታ በልታ፣ እንደ ልጃቸው የኖረች ናት። ወይዘሮ ትርንጎ ለአያ ሙላው የእግዜር ሰላምታ ነፈጉ። የጋራዡ ሰዎች ደግሞ ለባልደረባቸው ተቆርቁረው ከቢሮ ሠራተኛው ራቁ። አንድ ግቢ ውስጥ ሆነን ሁለት አገር ሆንን። ማኪና የሚጠይቀውና ማኪና የሚሰጠው በሰው በሰው ይላላኩ ነበር።

አቶ ሰዒድ በዚያው ዓመት ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ተልከው ነበር። በመዝጊያው ቀን አንድ ወጣት አሠልጣኝ፣ ከየመሥሪያ ቤቱ የመጡትን ሰዎች ክብ አስቁሞ በአፋቸው ብቻ የከበሮ ምት ያሠራቸዋል። «ቢትቦክስ ይባላል፤ የሥራ ባልደረቦችን ለማቀራረብ ጥሩ ነው» ይላቸዋል። ሌላው ሰው ስቆበት ወደ ምሳ ሲሄድ፣ አቶ ሰዒድ እዚያው ቀርተው ወጣቱን እንደገና አሠሩት። ጎንደር ሲመለሱ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ወደ እኔ መጥተው «ፍቅርተ፣ የሐሙስን ከሰዓት አዳራሹን አስፈቅጂልኝ» አሉኝ።

ያ ጊዜ ሰው በስብሰባና በግምገማ የተማረረበት ነበር። ማስታወቂያውን ስለጥፍ የጋራዡ ሰዎች ተሰብስበው አነበቡት። ሐሙስ ዕለት ሰው ሁሉ ፊቱን አጨፍግጎ ተቀመጠ። አንዱ መካኒክ እጁን አውጥቶ «ይቅርታ አቶ ሰዒድ፣ ይኼ ደግሞ አዲስ ዓይነት ግምገማ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

እንደ ልማዳቸው ትንሽ ዝም አሉ። «ግምገማ ላይ የምትናገሩት ይጻፋል» አሉ። «እዚህ የምታሰሙትን ግን ማንም መጻፍ አይችልም።»

ሳቅ ሆነ። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠግተን ክብ ሠራን። «‹ጰ› በሉ» አሉን፤ «ከንፈራችሁን አጥብቃችሁ፣ ከዚያ ልቀቁት።» ቀጥለው ‹ጸ› አሉን፤ ቀጥለው ‹ቀ›። «ፈረንጆች እነዚህን ድምፆች ለማውጣት ወራት ይለፋሉ አሉ። እኛ ከእናታችን ጡት ጋር ጠብተናቸዋል። ‹ጰ› ትልቁ ከበሮ ነው። ‹ጸ› ጸናጽሉ ነው። ‹ቀ› የከበሮው ጠርዝ ሲመታ ነው። በሉ እንግዲህ፣ ፊደል ቆጥራችኋል፤ አሁን ምቱት።»

መጀመሪያ የወጣው ምት ሳይሆን ምራቅ ነበር። አንዱ መሐንዲስ ‹ጰ› ሲል የሥራ አስኪያጃችንን ክራቫት አረጠበው፤ ሥራ አስኪያጁ ክራቫታቸውን አይተው ቀድመው ሳቁ። ከዚያ በኋላ የፈራ የለም። አቶ ሰዒድ ግን በሳቁ አልረኩም። ክቡን እየዞሩ ጆሯቸውን ወደ እያንዳንዳችን ያስጠጉ ነበር። ያን ቀን የነገሩን፣ ከዚያም ወዲህ በየሥልጠናው መጀመሪያ የሚደጋግሙት ይህ ነበር፦ «ከጎናችሁ ያለውን ሰው ትንፋሽ ስሙ። እርሱ አየር ሲያጥረው እናንተ ትይዙለታላችሁ፤ እናንተ ሲያጥራችሁ እርሱ ይይዝላችኋል። ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ከተነፈሳችሁ ግን ምቱ ይሞታል።»

ሐሙስ ሐሙስ ቀጠልን። በረመዳን ምላሳቸው ደርቆ፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ እንኳ አላቋረጡም፤ እኛ ምት ስንሠራ እርሳቸው በእጃቸው ይመሩን ነበር። አያ ሙላው ግን አይገቡም ነበር። የአዳራሹ በር ላይ ቆመው ያዩና፣ ሰው ዞር ሲል ይሄዳሉ። አንድ ሐሙስ አቶ ሰዒድ ወደ በሩ ሄዱ።

«አያ ሙላው፣ ምነው በር ላይ?»

«ተወኝ አያ ሰዒድ። ሸጋ ጨዋታ ይዛችኋል። እኔ ከገባሁ ሰው ይወጣል።»

«የወጣ ይመለሳል። እኔ ትልቁን ከበሮ ጸንቶ የሚይዝልኝ ሰው አጥቻለሁ» ብለው፣ የአያ ሙላውን ያልተሰበረ ክንድ ይዘው አስገቧቸው።

እውነትም ሰው ወጣ። ቀድመው የወጡት ወይዘሮ ትርንጎ ነበሩ። አቶ ሰዒድ ተከትለዋቸው ወጡ፤ እኔም ሠግቼ ከኋላ ሄድኩ። ወይዘሮ ትርንጎ ኮሪደሩ ላይ ነጠላቸውን ጨብጠው ቆመው ነበር።

«እርሷ አፈር ለብሳ፣ እኔ ከገዳይዋ ጋር በአፌ ልጨፍር? ሰዒድ፣ አንተ ይህን ትለኛለህ?»

አቶ ሰዒድ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ትርንጎ እህቴ፣ ጨፍሪ አላልኩሽም። ካልቻልሽ አትቁሚ፤ የሚያስገድድሽ የለም። ግን ቤትሽ ሄደሽ ለብቻሽ አታልቅሺ። ከበሩ አጠገብ ወንበር አኖርልሻለሁ። ስትፈልጊ ተቀመጪ፤ ስትፈልጊ ሂጂ።»

ወንበሩ ተቀመጠ። ለሳምንታት ማንም ሳይቀመጥበት ቆየ። ሰው ቸኩሎ ሊያነሣው ሲል አቶ ሰዒድ «ተዉት» ይሉ ነበር። ኋላ አንድ ቀን ወይዘሮ ትርንጎ ሳይናገሩ መጥተው ተቀመጡበት። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ሥልጠናው ሲያልቅ ቀድመው ወጡ። በሚቀጥለውም ሐሙስ እንዲሁ።

ዓመቱ ዞሮ ክረምት ገባ። አንድ ሐሙስ ምቱን ይዘን ሳለን ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ወረደ፤ ከዚያ በረዶ ተከተለ። አያ ሙላው ትልቁን ከበሮ እንደያዙ ድንገት አቆሙ። ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ። ምቱ ፈረሰ።  ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ።

«አያ ሙላው።»

ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው። ከአደጋው ወዲህ ስማቸውን ሲጠሩ የሰማ አልነበረም።

«መጨረሻ ላይ ምን አለች?»

አያ ሙላው ዓይናቸውን ከወለሉ አላነሡም። «ስትስቅ ነበር» አሉ። «ከአዲ አርቃይ ለአንቺ ማር ገዝታ፣ እንዳይደፋ ብላ ጣሳውን በእግሮቿ መካከል ይዛ። ‹ትርንጎ ይህን ስታይ ስኳሬን ልታብሺብኝ ነው ብላ ትቆጣኛለች፤ ከዚያ በማንኪያ ትጨርሰዋለች› እያለች ትስቅ ነበር። ድንጋዩን አላየችውም። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። እስከዛሬ አየዋለሁ።»

«ማሩስ?» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

«ከእርሷ ጋር ፈሰሰ።»

ወይዘሮ ትርንጎ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወስደው አለቀሱ። ያላለቀሰ አልነበረም። ከዚያ ተነሥተው ወደ ክቡ መጡ። ከአያ ሙላው ጎን አልቆሙም፤ ፊት ለፊታቸው ነው የቆሙት። አቶ ሰዒድ እጃቸውን አንሥተው «ትንፋሽ ሳቡ» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። ያን ቀን የወጣው ምት የሚሰማ ምት አልነበረም፤ ግማሹ ልቅሶ ነው። ማንም ግን አልወጣም።

እንደ ተረት ሁሉ ነገር ተስተካከለ አልልም። ወይዘሮ ትርንጎ «ይቅር ብያለሁ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። በማግሥቱ ጠዋት ግን በግቢው በር ሲያልፉ «እንደምን አደሩ፣ አያ ሙላው» አሉ። አያ ሙላው «እግዚአብሔር…» ብለው መጨረስ አቃታቸው። አቶ ሰዒድ በቢሮአቸው መስኮት ይህን አይተው ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ መሐረባቸውን ሲያወጡ አየሁ።

ወሬው በከተማው ተዳረሰ። አንድ ጤና ጣቢያ ጠራቸው፣ አንድ ትምህርት ቤት ጠራቸው፣ ፒያሳ ያለ አንድ ባንክም ጠራቸው። ከሥራ በኋላ በባጃጅ እየተሳፈሩ ይሄዱ ነበር፤ ብዙ ጊዜ እኔም አብሬአቸው እሄዳለሁ። ከሁሉ የማልረሳው የባንኩን ነው። ክቡ ውስጥ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ነበረች፤ ስሟን እንድትናገር ተራዋ ሲደርስ ተንተባተበች። ሰው ፈገግ አለ። እርሷ ደግሞ ቦርሳዋን አንሥታ ልትወጣ ተነሣች።

«ልጄ፣ ቆይ» አሏት። ዝም አሉ፤ ከዚያ እኔ እንኳ የማላውቀውን ነገር ተናገሩ። «እኔ በልጅነቴ ከአንቺ የባሰ ተብታባ ነበርኩ። አባቴ ሱቅ ደንበኛ ሲገባ ከጨርቅ ጥቅል ኋላ እደበቅ ነበር። ዋጋ ሲጠይቁኝ የመጀመሪያው ፊደል ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን በደንበኛ ፊት ‹ተዉት፣ ይህ ልጅ ለንግድ አይሆንም› አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁን ፈራሁት። ከጥቅሉ ኋላ ሆኜ በጣቴ ክንዴ ላይ ምት እየመታሁ ቃሉን በምቱ ላይ ሳስቀምጠው ሰተት ብሎ ይወጣልኝ ነበር። እስካሁን ድረስ ከመናገሬ በፊት በልቤ አንድ ጊዜ እመታለሁ። ዝም ስል የምታዩኝ ለዚያ ነው።»

ልጅቷ ቦርሳዋን አስቀመጠች። እኔ ደግሞ ለዓመታት አብሬአቸው ስሠራ የማላውቀው ዝምታቸው ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። በባጃጅ ስንመለስ «ለምን ነግረውን አያውቁም?» ብላቸው «ማን ጠየቀኝ?» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ድምፃቸው መጎርነን ጀመረ። እኛ ቀለድን፤ እርሳቸውም አብረው ቀለዱ። «ከበሮዬ ቆዳው ላላ» ይሉ ነበር። ዝንጅብል ጠጡ፣ ማር ላሱ፣ ጊዜው ሄደ። ወይዘሮ ሐዋ ጎትተው ሐኪም ቤት ሲወስዷቸው በጉሮሯቸው ያለው ዕጢ ሥር ሰድዶ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ተላኩ። ሐኪሞቹ ለቀዶ ጥገና አልፏል አሏቸው፤ ለመተንፈሻ አንገታቸው ላይ ቱቦ ተከሉላቸው። ጎንደር ሲመለሱ ከድምፃቸው የቀረው ሹክሹክታ ብቻ ነበር።

ልጠይቃቸው በሄድኩ ቀን ወይዘሮ ሐዋ በር ላይ ያዙኝ። «እስኪ እውነቱን ንገሪኝ» አሉኝ። «ያ በአፋችሁ የምትጫወቱት ነው እንዴ ይህን ያመጣበት?» እኔም ይህን ፈርቼ ሐኪሙን አስቀድሜ ጠይቄ ነበርና፣ ሐኪሙ በፍጹም አይገናኝም ማለቱን ነገርኳቸው። ዓይኔን ትኩር ብለው አዩኝ። «እንግዲያው ደግ» አሉ፤ «እንዲያ ሲደሰት በዕድሜዬ አይቼው አላውቅም ነበር።»

አንድ ሐሙስ የቻለው ሁሉ ተሰብስቦ ቤታቸው ሄደ። ሳሎኑ ሞልቶ በረንዳው ላይ ሰው ቆመ። አያ ሙላውና ወይዘሮ ትርንጎም ነበሩ። አንዱ ልጅ ‹ጰ› ብሎ ምት ሊጀምር ሲል አቶ ሰዒድ እጃቸውን አነሡ። «ዛሬ ተዉት» አሉ በሹክሹክታ። «ዝም ብለን አብረን እንቀመጥ።» ተቀመጥን። የሚሰማው በቱቦው የሚያልፈው ትንፋሻቸው ብቻ ነበር። ይቆማል፣ ይዘገያል፣ እንደገና ይመጣል። በዘገየ ቁጥር ሁላችንም ትንፋሻችንን እንይዝ ነበር። እርሳቸው አስተውለውን ፈገግ አሉ። እኔ ፈገግታቸውን መቋቋም አቅቶኝ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው እሑድ ነው፤ ብቻዬን ነበርኩ። ወይዘሮ ሐዋ ማድ ቤት ነበሩ። ጆሮዬን ወደ ከንፈራቸው አስጠጋሁ።

«እፈራለሁ፣ ፍቅርተ» አሉኝ።

«አይፍሩ ጋሼ፣ አላህ አለ» አልኳቸው።

«ሞቱን አይደለም። እርሱ የሁላችንም ነው። ሰዓቱ ሲመጣ ሐዋ ሌላ ክፍል ሆና፣ ጠርቼ ላሰማት አለመቻሌን ነው የምፈራው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ስሟን ጠርቻለሁ፤ አሁን አይወጣልኝም።»

ስወጣ ይህንን ለወይዘሮ ሐዋ ነገርኳቸው። አላለቀሱም። የማድ ቤቱን ሥራ ለእህታቸው ሰጥተው፣ ወንበራቸውን ወስደው ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ እጃቸውን ከባለቤታቸው እጅ አልለዩም። ማክሰኞ ጠዋት እንዲያ እንዳሉ አቶ ሰዒድ አረፉ። ለቅሶ ልንደርስ ስንገባ ወይዘሮ ሐዋ ለመጣው ሁሉ ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ «አልጠራኝም። ምን አስጠራው? እዚያው ነበርኩ።»

ጋሽ ሰዒድ፣ አሁን ለእርስዎ ነው የምናገረው። በእርስዎ ቤት ደጃፍ ላይ ግማሹ «ነፍስዎን ይማር»፣ ግማሹ «አላህ ይዘንልዎ» አለ፤ አንዱ የሌላውን ምርቃት ተቀብሎ አሜን አለ። ወይዘሮ ሐዋን አንተዋቸውም፤ ተራ ገብተን እየጠየቅናቸው ነው። ጠረጴዛዎን ማንም አልነካውም። ትናንት ሐሙስ አዳራሹን ከፍቼ ነበር። ሰው መጣ፤ እስከ በሩ ድረስ መጥቶ፣ ወደ ውስጥ አይቶ ተመለሰ። እኔም ቁልፉን ይዤ ቆይቼ ቆልፌ ወጣሁ። ሊቆጡን አይችሉምና አዘንኩ።

ደኅና ይሁኑ፣ ጋሼ። መኝታዎ ይድላዎት፤ ማረፊያዎ ጀነት ይሁን። አንድ ቀን ወደ አዳራሹ እንገባ ይሆናል። ዛሬ ግን አልቻልንም።